ሁለተኛው የካርድ ቁጥር

ያን ክረምት የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱን ለሁለት ነበር የተከራየነው፤ ጓደኛዬ ሚያዝያ ላይ አግብታ ስትወጣ ለብቻዬ ቀረልኝ። አልጋዋን ወሰደች፣ መጋረጃዋን ተወችልኝ። የምሠራበት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ደግሞ ቦሌ የነበረውን ቢሮ ለቆ «ሁላችሁም ከቤት ሥሩ» ካለን ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ፣ ፒጃማዬን ሳላወልቅ ሥራ እጀምራለሁ። እየቆየ ግን ቀኑ ከቀን የማይለይ ሆነብኝ። ባልደረቦቼ ቴሌግራም ላይ ያሉ ትንንሽ ክብ ፎቶዎች ሆነው ቀሩ። ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩት ነገር ቢኖር ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ያልኩት ብቻ የሆነበት ሳምንት ነበር፤ እሱንም ረዳቱ ስላልሰማኝ ሁለቴ መድገም ነበረብኝ።

በዚያ ክረምት የተሰጠኝ ሥራ ከላምበረት መናኸሪያ አለፍ ብሎ ያለ የአንድ የዓይን ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ነው። የክሊኒኩ ታካሚዎች አብዛኞቹ ከወሎና ከሰሜን ሸዋ በአውቶቡስ የሚመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። መናኸሪያ ወርደው፣ አንድ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ከልለው፣ ሰው ወይም ምርኩዝ ይዘው በእግራቸው ይመጣሉ። ክሊኒኩ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ አርጅቷል። መረጃው የተቀመጠባቸው ሰንጠረዦች፣ ማለትም ዳታቤዙ፣ ግን ደህና ነበር። የእኔ ሥራ ሰንጠረዦቹን ሳልነካ ከላያቸው አዲስ ፕሮግራም መሥራት ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የምንጠቀምበት ላይብረሪ አለ። ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እኛ ወስደን የምንገለገልበት ኮድ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሰንጠረዥ እኔ ኮድ ውስጥ ካለ አንድ ነገር ጋር ያዛምድልኛል። «ታካሚ» ብዬ ስጽፍ የታካሚዎቹን ሰንጠረዥ ይከፍታል፤ «የዚህን ታካሚ ምርመራዎች አምጣ» ስለው ከምርመራ ሰንጠረዥ የእሱን ብቻ ለቅሞ ያመጣል። የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ ካልነገርኩት በራሱ ይገምታል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ሲሳሳት ግን ተሳሳትኩ አይልም።

የመጀመሪያው ሳምንት ስም በማዛመድ አለቀ። ላይብረሪው ሰንጠረዦቹን በእንግሊዝኛ ስም ይፈልጋል፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ደግሞ ሁሉንም በላቲን ፊደል በአማርኛ ነው የሰየማቸው። «በሽተኛ»፣ «ምርመራ»፣ «መነጽር»። ማን እንደጻፋቸው አላውቅም፤ ግን አንድ በአንድ ሳዛምዳቸው የሆነ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር። የመድኃኒት ጠብታ የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ «ጠብ» ብሎ ጠርቶታል። ብቻዬን ሳቅሁ። ያልገባኝ አንድ ዓምድ ብቻ ነበር፤ በበሽተኞቹ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ «ኬ2» የሚል፣ ቁጥር የተሞላበት። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ተውኩት።

በቅርብ የተመዘገቡ ታካሚዎችን እየከፈትኩ ሞከርኩት። ሁሉም ልክ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ።

ካርድ ክፍል የሚሠሩት ጋሼ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አዲሱን ፕሮግራም ለመፈተን ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ የወረቀቱን ካርድ ከመደርደሪያ ያወጡና ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያያሉ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ካርዶች አሳለፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ኦፕሬሽን የተደረገችው ግራ ዓይኗን ነው። አንቺ ቀኝ ብለሻል።»

«ምናልባት ወረቀቱ ላይ ተሳስቶ እንዳይሆን፣ ጋሼ?»

«ሴትየዋ ውጪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሄደሽ እያት።»

ሄጄ አየኋቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ አጠገባቸው አንድ ጥቁር ፌስታል፣ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ። የታሸገው ግራ ዓይናቸው ነው። የእግሬን ኮቴ ሰምተው ቀና አሉና «ተጠራሁ እንዴ?» አሉኝ። «አይ እናቴ፣ ገና ነው» ብዬ ተመለስኩ። እኔ ስክሪን ላይ የነበረው የእሳቸው ምርመራ አልነበረም፤ የሌላ ሰው ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ የእኔን ስክሪን አንብቦ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ጋሼ ሌላ አሮጌ ካርድ አወጡ። እሱም ስህተት። ሦስተኛውም። አዲስ ካርድ ሲያወጡ ልክ ይሆናል።

«አስተካክዬ እመለሳለሁ» አልኳቸው።

«ቀስ ብለሽ፤ የዓይን ነገር ነው» አሉኝ።

ሦስት ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል፤ ከታች ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ወደ ደረጃው ሮጠው ይገቡና ሲያባራ ይወጣሉ፤ እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነኝ። ላይብረሪው ወደ ዳታቤዙ የሚልከውን እያንዳንዱን ጥያቄ እየገለበጥኩ አነበብኩ። ጥያቄው ምንም እንከን የለውም። የድርጅታችን ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ። አንዱ «ዳታው ቆሻሻ ይሆናላ» አለ። አለቃዬ «እስከ ዓርብ ይደርሳል?» አለ። ኢንተርኔት ላይ የእኔን የሚመስል ችግር የገጠመው ሰው አገኘሁ፤ ጥያቄውን በጥንቃቄ፣ ከነምሳሌው አስፍሯል። ከሥሩ አንድም መልስ የለም። ማን እንደሆነ ባላውቅም ያ ሰው አሳዘነኝ፤ ከራሴ ይልቅ ለእሱ የሚመልስለት ሰው ቢገኝ በወደድኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደዚያ ወደተውኩት ዓምድ ተመለስኩ። አዲሶቹ ታካሚዎች ላይ መለያ ቁጥራቸውና ኬ2 አንድ ናቸው። የድሮዎቹ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ፤ ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ኬ2 ባዶ ነው። ምርመራዎቹን በኬ2 አገናኝቼ ስሞክር ትክክል የሚመስል ነገር መጣ። የእኚያ እናት ግራ ዓይንም ቦታው ገባ። ግን ይመስላል ተብሎ የሰው ዓይን አይነካም። ባዶዎቹስ እነማን ናቸው? ይህን የሚያውቀው ሰንጠረዡን የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ክሊኒኩ ደወልኩ። ጋሼ ፕሮግራሙ የተሠራው እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ስለሆነ ሰውየውን እንደማያውቁት ነገሩኝና ስልኩን በር ላይ ላሉት ዘበኛ ሰጧቸው። ዘበኛው ሳቁ።

«ሰውየው? ሴት ናት እንጂ! ሾላ ናት አሁን። ለፋሲካ ሳፋ የገዛሁት ከእሷ ነው። ፕላስቲክ ተራ ገብተሽ ‹ኮምፒውተሯ› ብለሽ ጠይቂ፣ ያሳዩሻል።»

በማግስቱ ከአያት እስከ መገናኛ በባቡር ሄጄ፣ ከዚያ ወደ ሾላ ገበያ በእግሬ ወረድኩ። እያካፋ ነው። ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ታቅፌዋለሁ። በሽንኩርትና በበርበሬ ተራ፣ በጭቃው ላይ በተጣሉት ድንጋዮች እየተራመድኩ ፕላስቲክ ተራ ደረስኩና ጠየቅሁ። አንዲት ነጋዴ በአገጯ አመለከተችኝ።

አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ሹራብና ቦቲ ያደረገች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ናት። ባልዲ በባልዲ ላይ እየደረደረች ነበር።

«ምን ልስጥሽ የኔ እህት?»

«ዕቃ ፈልጌ አይደለም። እርስዎ የዓይን ክሊኒኩን ዳታቤዝ የሠሩት ነዎት?»

የያዘችውን ባልዲ አስቀመጠች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን እንደሆንኩ አይደለም።

«እስካሁን ይሠራል?»

«ይሠራል። እኔ ነኝ ማገናኘት ያቃተኝ። ኬ2 ምን እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አንቺ በይኝ፣ አላረጀሁም» አለችና ሳቋ አመለጣት። «ወይኔ፣ ኬ2! ነይ ግቢ፣ ዝናቡ ይመታሻል።»

ሸራው ሥር አንድ በርጩማ ሰጠችኝ። የተደፋ ትልቅ ሳፋ እንደ ጠረጴዛ አድርጋ ላፕቶፑን እዚያ ላይ አስቀመጥነው። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና የራሷን ሰንጠረዦች ቁልቁል ማየት ጀመረች። «ጠብ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። «ይሄን እኔ ነኝ?» አለች፤ «እንዴት ያለሁ ቀልደኛ ነበርኩ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ክሊኒኩ በገባች በመጀመሪያው ክረምት የካርድ ክፍሉ ምድር ቤት ነበር። አንድ እሑድ ጎርፍ ገባ። ሰኞ ሲከፍቱት ካርዶቹ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። እሷና የያኔው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጣራው ሥር ሲባጎ ወጥረው ካርዶቹን እንደ ልብስ አሰጧቸው፤ አልደርቅ ያለውን ከቤቷ ካውያ አምጥታ ተኮሰችው። የካርዶቹ ቁጥር ጥጋቸው ላይ ነበርና ቀለሙ ለቋል። ስሙ ይነበባል፣ ቁጥሩ ጠፍቷል።

«ስለዚህ እንደ አደራረቃቸው አዲስ ቁጥር ሰጠናቸው» አለች። «ቀድሞ የደረቀው አንድ፣ ቀጥሎ የደረቀው ሁለት። ያ ነው ኬ2። ሁለተኛው የካርድ ቁጥር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረውን የድሮ መለያ መቀየር ስለፈራሁ እሱን እንዳለ ትቼ፣ ምርመራውን ሁሉ በአዲሱ ቁጥር መዘገብኩት። ከጎርፉ በኋላ የመጡት ሁለቱም ቁጥራቸው አንድ ነው።»

«ባዶዎቹስ?»

«እነሱ ካርዳቸው በስብሶ የተጣለባቸው ናቸው። ሲመለሱ እንደ አዲስ ታካሚ ነው የመዘገብናቸው። ስለዚህ አሮጌው ረድፍ የማንም አይደለም፣ እንዳታሳዪው። ካሳየሽው የሌላ ሰው ምርመራ ይለጠፍበታል።»

ይህን በግምት ፈጽሞ አላገኘውም ነበር።

«ላይብረሪው ታዲያ በመለያው ነው ያገናኘው» አልኳት።

«ምን ያድርግ፤ እሱ ጎርፉን አላየ።»

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው። በአንዱ ምርመራዎቹ በኬ2 እንዲገናኙ ነገርኩት፤ በሌላው ኬ2 የሌለውን ታካሚ እንዲዘል። እዚያው ሳፋው ላይ ጻፍኩት። እሷ ከትከሻዬ በላይ እያየች አንድ የተረሳ ነጥብ አሳየችኝ። መሀል ላይ ጆግ ፈላጊ መጣ፤ ተነስታ ሸጣ ተመለሰችና ካቆመችበት ቃል ቀጠለች።

«ለምን ተውሽው ይሄን ሥራ?» አልኳት።

«እናቴ ስትታመም ሱቁን የሚይዝ ጠፋ። ለሁለት ወር ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አሁን ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሰባተኛ ዓመቴ» አለች፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሄድኩ። ጋሼ ሃያ አሮጌ ካርድ አውጥተው አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ሃያውም ልክ ሆነ። ባዶዎቹ አይታዩም። የመጨረሻውን ካርድ ወደ መደርደሪያው ሲመልሱ ምን እንደሚሉኝ ጠበቅሁ።

«ጥሩ። ወረቀቱም እኮ እንዲሁ ነው የሚለው» አሉኝ።

ቴሌግራም ላይ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የአውራ ጣት ምልክት መጣልኝ። ከክሊኒኩ ወጥቼ በላምበረት በኩል ሳልፍ የአውቶቡስ ረዳቶች «ደሴ! ደሴ! ኮምቦልቻ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይራኮታል። ጥግ ይዤ እህቴ ዘንድ ደወልኩ። ስለ ሲባጎው፣ ስለ ካውያው፣ ካርዶቹ እንደ አደራረቃቸው ቁጥር ስለማግኘታቸው ልነግራት ነበር። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውልልሽ?» አለችኝ። መልሳ አልደወለችም። ረስታው ይሆናል፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ከዚያ የመጣው ሳምንት ከሁሉም ከበደኝ። ችግሩ እያለ ቢያንስ የማስበው ነገር ነበረኝ። ዓርብ ዕለት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር አደረግሁ፤ እስካሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። የሚሠራውን ኮድ ለብቻው አስቀምጬ፣ ቅጂው ላይ የመነጽር ሰንጠረዡን ግንኙነት አበላሸሁት። ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሾላ ሄድኩ።

«ሌላ ችግር ገጠመኝ» አልኳት።

ሳፋውን ደፋችልኝ። መነጽር የሚለው ጋ ደርሳ ትንሽ አነበበችና እጇን ከላፕቶፑ አነሳች። ገበያተኛው በፊታችን ያልፋል። አንዲት ሴት ወንፊት እያገላበጠች ታያለች።

«ይሄ ስህተት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው። የሚሠራውን ሰርዘሽ በላዩ ላይ ነው የጻፍሽው፣ ይታያል።»

ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው ይቀመጥ» አለችኝ። ወንፊቱን ለሴትየዋ ሸጠች፣ መልስ ሰጠቻት፣ ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች። «እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ከዕቃ ግምጃው ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ለብቻዬ ነበር የምሠራው። ጠዋት ገብቼ ማታ ስወጣ ማንም ስሜን አይጠራም። ምን አደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹አንድ ካርድ አልገኝ አለኝ› እያልኩ ካርድ ክፍል እሄዳለሁ። ካርዱ አልጠፋም። ያኔ እዚያ የነበሩት ሰውዬ ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ስለ ልጆቻቸው ያወሩልኛል።»

«ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አያውቁም! አንድ ቀን ‹ዛሬ የቱ ነው የጠፋው?› ብለው በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።»

ዞር ብላ አላየችኝም፤ እኔም ያን ወደድኩላት። ከዚያ አንድ እጅ ሙሉ የሻይ ማጣሪያ ሰጠችኝና በትልቅነታቸው እንድለያቸው ነገረችኝ። እስከ አሥር ሰዓት አብሬያት ቆየሁ። ስለ ኮድ ጥቂት፣ ስለ ሌላው ብዙ አወራን። የባልዲ ክዳን ለምን ለብቻው እንደማይሸጥ፣ እናቷ በሽታው ቀኝ ጎናቸውንና ዓይናቸውን ከያዘው ወዲህ ደንበኛ የሚለዩት በድምፅ መሆኑን፣ ጓደኛዬ ካገባች ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ እንደተገናኘን።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አልፈለግሁም። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ገበያው ጠንክሮ አሥር ቃል እንኳ አንለዋወጥም። ግን ስመለስ የአያት ደረጃ እንደ በፊቱ አይረዝምብኝም ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ስሄድ ሸራው ሥር ሌላ ሴት አገኘሁ፤ የአጎቷ ልጅ ናት። እናትየዋ «አገሬ ካልወሰዳችሁኝ» ብለው ስለነበር ወደ ደብረ ብርሃን ይዛቸው መሄዷን ነገረችኝ። በድንገት ስለሆነ ልትነግረኝ አልደረሰችም። ደወልኩላት። «ለሁለት ወር ነው» አለችኝ። አብረን ሳቅን።

ወደ ሾላ አልተመለሰችም። መጀመሪያ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፣ ከዚያ በየወሩ። እኔ ቦሌ ውስጥ ለብዙ ሰው በጋራ የሚከራይ ቢሮ አግኝቼ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እሠራለሁ። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚውለው፤ ቢሆንም ሲነሱና ሲቀመጡ ወንበራቸው ይሰማል። ክሊኒኩ ውስጥ ፕሮግራሙ እስካሁን ያለ ችግር ይሠራል። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቦታቸውን የያዘችው ወጣት ወረቀቱን ከመደርደሪያ አውጥታ አታስተያይም፣ የምታየው ስክሪኑን ብቻ ነው። እሱን ሳስብ አንዳንድ ቀን ተመልሼ ሁለቱን መስመር አነብባለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እሷው ራሷ ደወለችልኝ። እናቷ ተኝተው ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ስለ ብርዱ አወራን፣ ስለ ገብሱ አጨዳ፣ ስለ እኔ አዲስ ቢሮ። ከዚያ የምንለው አለቀብን። እንደ ሁልጊዜው «በይ እሺ» እንባባላለን ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም፤ እኔም አላልኩም። በእሷ በኩል ንፋስ ቆርቆሮ ሲነካ ይሰማል፣ የሆነ ቦታ አንድ በግ ይጮኻል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ በረንዳው ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«አለሽ?» አለችኝ ትንሽ ቆይታ።

«አለሁ» አልኳት።